የቀዳዳው ልክ፦ ቀላል የተራራ ጃኬት እንዴት እዚህ ደረሰ

ተጣጥፎ በአንድ እጅ ጭብጥ የሚያዝ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ 200 ግራም የማይሞላ የተራራ ጃኬት ዛሬ በየአገሩ ገበያ ይሸጣል። እንዲህ የሳሳ ጨርቅ ነፋስ ሲገታ፣ ዝናብ ሲመልስና የለባሹን ላብ ወደ ውጭ ሲያሳልፍ ያየ ሰው ምስጢሩን በአንድ ተአምረኛ ንጥረ ነገር ውስጥ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ማስታወቂያውም የሚነግረው ይህንኑ ነው። የጨርቁን ታሪክ ከሥሩ ተነሥቶ ለሚከተል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከንጥረ ነገሩ ይበልጥ የሚወስነው በክርና በክር መካከል የሚተወው ቦታ ነው። ዝናብን ለመከላከል ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ የደፈነ ሰው ለባሹን በገዛ ላቡ አረጠበው፤ ቀዳዳውን ያሰፋ ደግሞ ለነፋስና ለውሃ አሳልፎ ሰጠው። ወደፊት የተራመዱት የቀዳዳውን ልክ ያገኙት ናቸው። ልኩ ከተገኘም በኋላ ቀዳዳው ጠባቂ አስፈለገው፤ የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል የሚጀምረው ያ ጠባቂ ከምን እንደተሠራ ስንጠይቅ ነው።

በቅድሚያ መነሣት ያለባቸው የአሉሺያን ደሴቶችና የአላስካ ሕዝቦች፣ ኡናንጋኖችና ዩፒኮች ናቸው። በቆዳ በተለበጠች ጠባብ ጀልባ ተቀምጠው በሰሜን ፓሲፊክ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የሚያድኑ ሰዎች ነበሩ። ማዕበልና ዝናብ የሚከላከሉበትን ልብስ የሚሠሩት ከባሕር አንበሳ፣ ከሲልና ከዋልረስ አንጀት ነበር። አንጀቱ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ተነፍቶ በነፋስ ይደርቃል፤ ከዚያ በርዝመቱ ተሰንጥቆ እንደ ጥብጣብ ይሆንና በጅማት ክር ጎን ለጎን ይሰፋል። የሚወጣው ልብስ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲነኩት እንደ ስስ ብራና የሚንሿሿ፣ ከቆዳ ካባ ጋር ሲወዳደር እጅግ ቀላል ነው። ውጭ ያለው ውሃ አያልፍበትም፤ የቀዛፊው ላብ ግን በተን መልክ ቀስ እያለ ይወጣበታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ስፌቱ ነው። የዩፒክ ሴቶች ስፌቱ ውስጥ ደረቅ ሣር ይከቱ ነበር፤ ልብሱ ሲርስ ሣሩ ያብጥና መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይኮማተራል። እንደ ሁኔታው የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ የሚለውን ሐሳብ ቤተ ሙከራዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ አዲስ ሲያገኙት እናያለን፤ እነዚህ ሴቶች ግን በመርፌና በሣር ሠርተውት ቆይተዋል።

አውሮፓ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር። መርከበኞች የተልባ እግር ሸራን በተልባ ዘይት እየነከሩ ይለብሱ ነበር፤ ዘይቱ ሲደርቅ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፣ ሸራው ይከብዳል፣ ግትር ይሆናል። በ1823 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግላስጎው ኬሚስት ቻርልስ ማኪንቶሽ ይህን አስተሳሰብ እስከ መጨረሻው ገፋው። የከተማ መብራት ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ሲወጣ የሚተርፍ ቅጥራን ነበር፤ ከቅጥራኑ የሚገኝ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ደግሞ ጎማን ያሟሟል። ማኪንቶሽ የሟሟውን ጎማ በሁለት ጨርቆች መካከል ቀብቶ እንደ ሳንድዊች አጣበቃቸውና የባለቤትነት መብት አወጣበት። ውሃ በጨርቁ ማለፍ አቆመ። ሆኖም ልብሱ በብርድ እንደ ጣውላ ይደርቅ፣ በሙቀት ይጣበቅ፣ ይሸት ነበር። ልብስ ሰፊው በመርፌ በበሳው ቁጥር ውሃ በስፌቱ ይገባ ነበር። እነዚህ ችግሮች ከጊዜ በኋላ በከፊል ተፈትተዋል፤ በ1840ዎቹ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክና አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ ከብርድና ከሙቀት የሚታገሥ አደረጉት። አንዱ ችግር ግን ከዲዛይኑ የመጣ ስለሆነ ሊፈታ አልቻለም። የሚራመድ ሰው ያልበዋል፤ ጎማው ላቡን አያስወጣም፤ ዝናቡን ያመለጠው ሰው በውስጥ በኩል ረጥቦ ቤቱ ይደርሳል። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚነጥቀው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ በተራራ ላይ ላቡ ከዝናቡ ያልተናነሰ አደጋ ነው። ዓሣ አጥማጆች እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ልብስ ይለብሱ የለም ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ይለብሳሉ፤ ትክክልም ናቸው። ማዕበል በባልዲ እየደፋበት ሰዓታት ለሚቆም ሰው ከውጭ የሚመጣው ውሃ ከውስጡ ይበልጣል። ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ በከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰውነት በሰዓት 1 ሊትር ያህል ላብ ሊያወጣ ይችላል።

ይህን ሚዛን በፋብሪካ ደረጃ የተረዳው ሰው ኬሚስት ሳይሆን የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ቶማስ በርበሪ በ1856 በደቡብ እንግሊዝ በምትገኝ ቤዚንግስቶክ በምትባል ከተማ ሱቅ ከፈተ። በ1879 ያወጣውና በ1888 መብቱን ያስከበረው ገበርዲን ከማኪንቶሽ ሐሳብ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በርበሪ የተሠራውን ጨርቅ አልቀባም፤ ክሩን ገና ከመሸመኑ በፊት ውሃ እንዳይመጥ አድርጎ አከመው። ከዚያ ድሩን አጠጋግቶ ማጉን እያጠበቀ፣ ሰያፍ መስመር በሚያወጣ አሸማመን አሸመነው። በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ አልተደፈነም። የዝናብ ጠብታ እንዳይገባበት ጠቧል፤ የላብ ተን እንዲወጣበት ግን ክፍት ነው። የእኛን ደጋ እረኛ ገሳ የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አይከብደውም፤ ገሳው ላይ የወረደው ዝናብ በሣሩ ዘንግ እየተንሸራተተ ወደ መሬት ይወርዳል፣ በሣሮቹ መካከል ግን አየር ይመላለሳል። ገሳ ግዙፍ ነው፤ ገበርዲን ያንኑ ሥራ በአንድ ስስ ጨርቅ ሠራው። ሮአልድ አሙንድሰን በታኅሣሥ 1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ከተጠቀመባቸው ጨርቆች አንዱ ገበርዲን ነበር። ከአጋዘን ቆዳ ጋር እያፈራረቀ የለበሰው ለነፋስ ነው፤ በዋልታ ምድር ዝናብ ስለሌለ ገበርዲን ውሃን የመመለስ ደካማ ጎኑ እዚያ አልተፈተነም። ደካማ ጎን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሌሊቱን ሙሉ የሚወርድ ዝናብ ውሎ አድሮ ይገባበታል።

የሂማላያ ተራራ ወጪዎች ለዚህ ታሪክ ሁለት የማይረሱ ማስረጃዎች ትተውልናል። የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ተወላጁ ኬሚስት ጆርጅ ፊንች ነው። በ1922 ወደ ኤቨረስት በሄደው የብሪታንያ ቡድን ውስጥ የነበሩት ጓደኞቹ የሱፍ ኮትና ሹራብ ደርበው ሲመጡ፣ ፊንች ለፊኛ ከሚሠራ ቀጭን ጨርቅ የተሰፋ፣ ውስጡ አይደር በሚባል የባሕር ዳክዬ ለስላሳ ላባ የተሞላ ኮት ይዞ መጣ። ተሳቀበት። ግንቦት 27 ቀን ከጄፍሪ ብሩስ ጋር 8,300 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ያ ደረጃ በጊዜው ሰው በእግሩ ከደረሰባቸው ከፍታዎች ሁሉ የላቀ ነበር። የፊንች ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ በራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም፤ በአራቱ ድርብ መካከል የተያዘው አየር ሳይነቃነቅ ስለሚቀመጥ ነው። ላባውም እንዲሁ አየር መያዣ ነው፤ ፊንች የጨመረው ነገር ያንን አየር ነፋስ እንዳይነጥቀው፣ ላባውም እንዳይወጣ የሚያግድ ቀዳዳው የጠበበ ውጫዊ ጨርቅ ነው። እንዲህ ዓይነት ጨርቅ ደግሞ በወቅቱ የሚገኘው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሳይሆን ፊኛ ሠሪ ዘንድ ነበር፤ ምክንያቱም ጋዝ ማምለጥ የሌለበት ዕቃ ላይ የሠሩ ሰዎች ስለ ቀዳዳ ልክ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ሁለተኛው ማስረጃ ጆርጅ ማሎሪ ነው። በሰኔ 1924 ከአንድሩ ኧርቪን ጋር ኤቨረስት ጫፍ አካባቢ ጠፍቶ፣ አስከሬኑ በግንቦት 1 ቀን 1999 በ8,155 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገኝ የልብሱ ቁራጮች አብረውት ነበሩ፤ ሐር፣ ጥጥና ሱፍ በስስ በስሱ የተደራረቡ፣ ከላያቸው ገበርዲን የተደረበባቸው። በ2006 ግሬም ሆይላንድ የተባለ ተራራ ወጪ የዚያን ልብስ ቅጂ አሠርቶ ኤቨረስት ላይ ሲለብሰው ቀላልና እንደልብ የሚያንቀሳቅስ ሆኖ አገኘው። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ከዚያ ወዲህ የተፈለሰፈው ሁሉ ለምን አስፈለገ?» የሚል ክርክር የሚያነሱ አሉ። መልሱ ያለው ራሱ ሙከራው ውስጥ ነው፤ ያ ልብስ ለጠራ ቀንና ለሚንቀሳቀስ ሰው ይበቃል፣ ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው ግን አይበቃም። ሐርና ሱፍ አየር ይይዛሉ፤ የፊንችን ላባ ያህል ግን አይዙም።

የክሩን ታሪክ የለወጠው ግን ተራራ አልነበረም። የካቲት 28 ቀን 1935 በአሜሪካ ዊልሚንግተን በሚገኘው የዱፖንት ቤተ ሙከራ የዋላስ ካሮተርስ ቡድን ናይለንን አገኘ። ጥጥና ሱፍ አጫጭር ጭረቶች ተፈትለው የሚሠሩ ስለሆኑ ክሩን ከተወሰነ በላይ ማቅጠን አይቻልም፤ ጭረቱ ይበጠሳል፣ ክሩም ጫፍ ጫፉ እየወጣ ሻካራ ይሆናል። ናይለን ግን እንደ ሙጫ ቀልጦ በወንፊት ቀዳዳ ተገፍቶ ይወጣል፤ ከዚያ ሲሳብ ይቀጥናል፣ ይጠነክራል፣ ማለቂያ የሌለው ርዝመትም ይኖረዋል። በተፈጥሮ እንዲህ ያለ ረጅም ክር የሚሰጠው የሐር ትል ነበር። በግንቦት 1940 በአሜሪካ የሴቶች ስቶኪንግ ሆኖ ለሽያጭ የቀረበው ናይለን፣ ከጃፓን የሚመጣው ሐር በጦርነቱ ሲቋረጥ ወደ ፓራሹት ተዛወረ። ለፓራሹት የተሸመነው ጨርቅ ዛሬ በየጃኬቱ ላይ የምናየውን የትንንሽ አራት ማዕዘን መረብ ይዞ መጣ። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር በድሩም በማጉም ይገባል፤ አንዱ ቦታ የተቀደደ እንደሆነ መቀደዱ እዚያ ወፍራም ክር ጋ ደርሶ ይቆማል። ሸማኔ ጥለት የሚጥለው ለጌጥ ነው፤ ይህ መረብ ግን የሰው ነፍስ ለማትረፍ የተጣለ ነው፤ ሰማይ ላይ የተተረተረ ፓራሹት ሁለተኛ ዕድል የለውምና።

በዚያው ጦርነት እንግሊዞች በጥጥ ላይ የሠሩት ሥራ ለእኔ ከናይለን ባላነሰ የሚደነቅ ነው። የተልባ እግር እንዳይጠፋ የተሰጋበት ጊዜ ስለነበር፣ ማንችስተር ያለው የሸርሊ ኢንስቲትዩት ለእሳት አደጋ መከላከያ የውሃ ቱቦ የሚሆን ጥጥ ፈለገ። የተገኘው ጨርቅ ቬንታይል ተባለ። ረጅም ጭረት ያለው ምርጥ ጥጥ ተፈትሎ እጅግ ተጠጋግቶ ይሸመናል፤ ውሃ ሲነካው ጭረቱ ያብጥና በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ በራሱ ይዘጋል። ቱቦው በመጀመሪያ ትንሽ ያፈሳል፣ ከዚያ ያቆማል። ሲደርቅ ቀዳዳው ይከፈታል። ወደ ሶቭየት ኅብረት በአርክቲክ ባሕር የሚጓዙትን መርከቦች ለመጠበቅ ከመርከብ ላይ የሚወነጨፉ አብራሪዎች መመለሻ ማረፊያ ስላልነበራቸው ባሕር ላይ ለመውደቅ ይገደዱ ነበር፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ሰው የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከቬንታይል የተሰፋው የአብራሪ ልብስ ኮክፒት ውስጥ ላቡን እያስወጣ፣ ባሕር ውስጥ ደግሞ ራሱን እየዘጋ ያንን ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ አራዘመው፤ ለነፍስ አድን ጀልባ የሚበቃ ጊዜ። የዩፒክ ሴቶች ስፌት ውስጥ የከተቱት ሣር በፋብሪካ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የቬንታይል ችግር ክብደቱ ነው፤ የረጠበ ጥጥ ይከብዳል፣ ግትር ይሆናል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል። በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ኤቨረስት ጫፍ ሲደርሱ የለበሱት የነፋስ መከላከያ ጥጥና ናይለን ተዳብለው የተሸመኑበት መሆኑ ለዚህ ነው። ጥጡ ለማበጡ፣ ናይለኑ ለቅለቱና ለጥንካሬው።

የ1960ዎቹ ዓመታት ባጭሩ የሚታለፉ ናቸው። ቀጭን ናይለን ላይ ፖሊዩሬቴን መቀባት ተጀመረ፤ በአንገት የሚጠለቅ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ርካሽ የዝናብ ልብስ በየተራራው ታየ። ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ማኪንቶሽ በ140 ዓመት ቀልሎ ተመለሰ እንጂ ሌላ አልነበረም። ውስጡ በላብ ይንጠባጠብ ነበር።

የሚቀጥለውን እርምጃ ለመረዳት ወደ ሚያዝያ 6 ቀን 1938 መመለስ አለብን። ሮይ ፕላንኬት የተባለ የ27 ዓመት የዱፖንት ኬሚስት ኒው ጀርሲ ውስጥ ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ያጠና ነበር። ያን ቀን ጠዋት የጋዙን ሲሊንደር ቫልቭ ሲከፍቱት ምንም አልወጣም። ሲሊንደሩ ሲመዘን ግን ክብደቱ አልቀነሰም። ቫልቩን ነቅለው ሲገለብጡት ጥቂት ነጭ ዱቄት ወደቀ፤ ሲሊንደሩን በመጋዝ ሲሰነጥቁት ግድግዳው ላይ የሚያንሸራትት ነጭ ሰም የመሰለ ነገር ለብጦ አገኙት። ጋዙ እርስ በርሱ ተያይዞ ጠጣር ሆኖ ነበር። በኋላ ቴፍሎን የተባለው ይህ ነው፤ ውሃም ዘይትም አሲድም የማይነካው። ቢል ጎር የተባለ የዱፖንት ሠራተኛ በዚህ ነገር የኤሌክትሪክ ሽቦ የመሸፈን ሐሳብ ይዞ ሥራውን ለቀቀና በጥር 1 ቀን 1958 ከባለቤቱ ከቪቭ ጋር ዴላዌር ውስጥ በቤታቸው ምድር ቤት ኩባንያ ከፈተ። በጥቅምት 1969 ልጃቸው ቦብ ጎር የጋለ የቴፍሎን ዘንግ ለመለጠጥ ይሞክር ነበር፤ ቀስ ብሎ ሲስበው በእያንዳንዱ ሙከራ ይበጠሳል። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አንዱን ዘንግ ከምድጃው አውጥቶ በኃይል መነጨቀው። ዘንጉ ክንዱ እስከሚደርስበት ተለጠጠ፣ ውፍረቱ ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ርዝመቱ ጨምሮ ውፍረቱ ካልቀነሰ የተጨመረው ነገር አየር ነው ማለት ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር በተያያዙ ጭረቶች መካከል አየር የሞላው መረብ ነበር፤ ከመጠኑ 70 ከመቶ ያህሉ ባዶ ቦታ ነው። ኒው ዚላንዳዊው ጆን ክሮፐር ይህንኑ አሠራር በ1966 አግኝቶ መብቱን ሳያስመዘግብ በምስጢር ይዞት ስለነበር፣ ነገሩ በኋላ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1983 ታዋቂ ውሳኔ ተሰጥቶበታል። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃን ዓለም ዳርና ዳር ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ማግኘታቸው ነው፤ ሁለቱም የለጠጡት ያንኑ ነባር ንጥረ ነገር ነበር፣ አዲስ የሆነው በውስጡ የከፈቱት ክፍተት ነው።

ከዚህ መረብ የሚሠራው ስስ ሽፋን ጎር-ቴክስ ተብሎ በ1976 ሲያትል ባለ አንድ ነጋዴ አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጃኬት ሆኖ ወጣ። አሠራሩን ለመረዳት ጎመን ቅጠል ላይ የሚንከባለል የውሃ ጠብታ ማሰብ ይበቃል። ውሃ የማይወደው ገጽ ላይ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ገጹ ላይ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ፣ ቀዳዳው እስከጠበበ ድረስ ጠብታው ራሱን ጨምቆ ለመግባት ከባድ ግፊት ያስፈልገዋል። ተን የሆነ ላብ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ለየብቻው የሚሄድ ስለሆነ ያልፋል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ንጥረ ነገር በፈሳሽነቱ ተከልክሎ በተንነቱ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ጃኬቶች ግን ሳይቆዩ አፈሰሱ። የሰው ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ቅባትም አለው፤ ቅባቱ መረቡን ሲያርሰው ውሃው መግቢያ አገኘ። ኩባንያው የተበላሹትን ጃኬቶች መልሶ ሰበሰበና በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ ስስ ፖሊዩሬቴን ጨመረበት። ስፌቱ በሙቀት በሚለጠፍ ጥብጣብ መሸፈን የጀመረውም በዚያው ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ክርክሬን የሚፈታተን ጥያቄ ይነሣል፤ መሸሽም አልፈልግም። ያ የተጨመረው ፖሊዩሬቴን ቀዳዳ የለውም። በ1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ የወጣው ሲምፓቴክስ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀዳዳ የሌለው የፖሊስተር ዘር ሽፋን ሆኖ ሳለ ላብ ያስወጣል። ታዲያ ምስጢሩ ቀዳዳው ነው ማለት እንዴት ይቻላል? እውነት ነው፤ በእነዚህ ሽፋኖች የላቡ ቅንጣት በቀዳዳ አይሾልክም፣ በአንድ በኩል ሽፋኑ ውስጥ ይሰርግና በሌላ በኩል ይወጣል። ነገር ግን ይህ መንገድ ዝግ ያለ ነው፤ ሽፋኑ ራሱ እስኪረጥብም ይጠብቃል። ጨርቅ ሠሪዎቹ ከዚያ ወዲህ የሄዱበት አቅጣጫ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ በ2011 የወጣው የፖላርቴክ ኒዮሼልም ሆነ በ2019 የቀረበው የኖርዝ ፌስ ፊውቸርላይት ሽፋናቸው ጥቂት አየር እንዲያልፍበት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የፊዚክሱ ነው። ላብ የሚወጣው ውስጡ ከውጭው ይልቅ ሞቃትና እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት በበዛበት ቆላ ልዩነቱ ስለሚጠብ የትኛውም ሽፋን ብዙ አይረዳም። ዳገት ላይ የሚሮጥ ሰው ደግሞ የትኛውም ጨርቅ ከሚያስወጣው በላይ ያልበዋል፤ ብብቱ ሥር ያለ ዚፕ ከማንኛውም ሽፋን የበለጠ ይሠራለታል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ዚፑም ግን ሰው እንደ ፈቃዱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቀዳዳ ነው።

ሽፋኑ ይህን ሲሠራ ከላዩ ያለው ናይለን በየጊዜው እየሳሳ ሄደ። የክር ቅጥነት የሚለካው ዲንየር በሚባል መለኪያ ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ሲመዘን ስንት ግራም ይሆናል ማለት ነው። አንድ የሐር ጭረት 1 ዲንየር ገደማ ነው። ዛሬ ለቀላል ጃኬት የሚውለው 20፣ 10 ሲልም 7 ዲንየር ክር ነው፤ እሱም ራሱ የብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ጥምር ነው። 7 ዲንየር ክር ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በባቡሩ ሐዲድ ርዝመት፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ቢዘረጋ፣ ጠቅላላ ክብደቱ 600 ግራም አይሞላም። እንዲህ የቀጠነ ክር የተሸመነበት ጨርቅ በጋሉ ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ይጨፈለቅና ጭረቶቹ ተዳምጠው ቀዳዳው ይጠባል፤ ያኔ ላባ አያመልጥበትም። ጥሩ ላባ 28 ግራሙ ሲፍታታ 13 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም አየር ነው። ፊንች ከፊኛ ሠሪ የለመነው ነገር በመቶ ዓመት ውስጥ እዚህ ደረሰ። ቅጥነቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ አንድ የግራር እሾህ ይበቃዋል፣ የድንጋይ ስለት ይበቃዋል። የመረቡ ወፍራም ክር ቀዳዳው እንዳይሰፋ ያግዛል እንጂ መበሳቱን አያስቀርም። ቀላል ጃኬት ገዝቶ እንደ ሸራ ካፖርት አሥር ዓመት እንዲያገለግለው የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

አሁን ወደ ጠባቂው። የሽፋኑ ቀዳዳ ልኩን ቢያገኝም ውጫዊው ናይለን ውሃ ከመጠጠ ጃኬቱ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ የላቡም መውጫ በውሃ ይታፈናል። ስለዚህ ናይለኑ ጠብታን የሚያንከባልል ስስ ቅብ ይደረግበታል። ለአሥርት ዓመታት የተመረጠው ቅብ ፍሎሪን ያለበት ነበር፤ ውሃን ብቻ ሳይሆን የቆዳ ቅባትንም የሚመልስ ሌላ ስላልነበረ። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ከጠንካሮቹ የኬሚካል ትስስሮች አንዱ በመሆኑ ጠብታውን የሚመልሰው ያው ትስስር ቅቡ ታጥቦ ወንዝ ሲገባም እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ፒፋስ የሚባለው የእነዚህ ኬሚካሎች ቤተሰብ ጉዳት በግልጽ የወጣው ጃኬት ከሚሰፋበት ሳይሆን ቴፍሎን ከሚመረትበት ስፍራ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ፓርከርስበርግ አጠገብ ካለው የዱፖንት ፋብሪካ ወደ አየርና ወደ ውሃ የገባው ሲ8 የተባለ የዚሁ ቤተሰብ ኬሚካል በነዋሪዎች ደም ውስጥ ተገኘ። በ2001 የተጀመረው የቡድን ክስ በ2004 በስምምነት ሲዘጋ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ተቋቋመ፤ የጥናቱ ሳይንቲስቶች በ2011 እና በ2012 ኬሚካሉ የኩላሊት ካንሰርን ጨምሮ ከስድስት በሽታዎች ጋር የመያያዙ ዕድል እንደሚያመዝን ደመደሙ። በ2017 ዱፖንትና ከእሱ የተነጠለው ኬሞርስ ጥፋት አላመንንም እያሉ 3,500 ገደማ ክሶችን በ671 ሚሊዮን ዶላር ዘጉ። ሲ8 በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት ዓለም እንዲያስወግዳቸው ከተወሰኑ ኬሚካሎች ተራ ገባ። ከጃኬቱ የሚወጣው መጠን ከፋብሪካው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው የሚል መከራከሪያ አለ፤ ለለባሹ ቆዳ ሲታሰብ እውነትነት አለው። ነገር ግን ጃኬቱ ሲፈለግ ኬሚካሉ ይመረታል፤ የሚመረትበት አገር ሰው ደግሞ ያንን ውሃ ይጠጣል። የተራራን ንጹሕ አየር የሚወድ ሰው ልብስ የሌላውን ሰው የጉድጓድ ውሃ የሚያበላሽ ከሆነ ጉዳዩ በግራም የሚመዘን አይደለም።

ለውጡ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። ጎር ራሱ በ2022 ከተለጠጠ ፖሊኢታይሊን፣ ከፌስታል ቤተሰብ ማለት ነው፣ የተሠራ አዲስ ሽፋን አቀረበ። አሠራሩ ያው መለጠጥ ነው፣ በመካከሉ ያለው ያው ክፍተት ነው፤ ፍሎሪኑ ግን የለም። ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም፤ ተአምረኛ የተባለው ንጥረ ነገር ተነሥቶ በርካሹ ሲተካ ጃኬቱ መሥራቱን አላቆመም። ያልተፈታው የላይኛው ቅብ ነው። ፍሎሪን የሌላቸው አዲሶቹ ቅቦች ውሃን ይመልሳሉ፣ ቅባትን ግን አይችሉትም፤ አንገትጌውና የቦርሳው ማንገቻ የሚያርፍበት ትከሻ በቆዳ ቅባትና በቆሻሻ ቶሎ ይሸነፋሉ። ለባሹ ጃኬቱን ከበፊቱ ደጋግሞ ማጠብና በሙቀት ማድረቅ አለበት፤ ይህም ጃኬትን ማጠብ ያበላሸዋል ከሚለው የቆየ ልማድ ጋር ይጋጫል። ካሊፎርኒያ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአዲስ ልብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚጨመር ፒፋስን በሕግ ከልክላለች። ለከባድና ለረጅም ዝናብ የተሠራ የተራራ ልብስ እስከ 2028 ጊዜ ተሰጥቶታል፤ እስከዚያው ግን ፒፋስ ያለበት ጃኬት ሁሉ በኬሚካሉ መሠራቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ እንዲሸጥ ግዴታ ተጥሎበታል።